ጋሼ ባየልኝና የታንጉት ቀኝ እጅ

የጋሼ ባየልኝን ሞት የሰማሁት ዘግይቼ ነው፤ አርባቸው ሳይቀር አልፎ ነበር። የነገረችኝ የእህታቸው ልጅ ናት። ከመተማ ደውላ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ልጆቿ፣ ስለ ሰሊጡ አውርታ ልትሰናበተኝ ስትል "እንዴ፣ አንቺ አልሰማሽም ለካ" አለችኝ። ወዲያው ገባኝ። በመጨረሻዋ ሳምንታቸው እንኳ ሊያክማቸው ከመጣ ነርስ ጋር ተጣልተው ነበር አለችኝ፤ ክንዳቸውን ሳይዳስስ መርፌ ስላወጣ። እያለቀስሁ ሳቅሁ። እሳቸው ናቸው፤ ሌላ ማንም ሊሆን አይችልም።

ጋሼ ባየልኝን ያወቅኋቸው በሰባ ሰባት ነው፤ ርኃቡ ሰውን ከቀዬው ነቅሎ በእግሩ ሱዳን ያስገባ ጊዜ። መጠለያችን ከገዳሪፍ ወጣ ብሎ በጥቁር አፈር ሜዳ ላይ ነበር። በበጋ መሬቱ እግር እስኪውጥ ይሰነጠቃል፤ ጥላ የሚባለውም ራኩባ የሚሉት ሣር የለበሰ ዳስ ብቻ ነው። ክሊኒካችን ራሱ ራኩባ ነበር፤ ጣሪያው ሣር፣ ግድግዳው የእርዳታ እህል የመጣበት ጆንያ። እሳቸው ቁስል የሚያጥቡ፣ መርፌ የሚወጉ ድሬሰር፣ እኔ አስተርጓሚ። እኔ ማለት ያን ጊዜ ከጎንደር ሸሽታ የመጣች፣ እንግሊዝኛዋ የትምህርት ቤት፣ ዐረብኛዋ የገበያ፣ ትግርኛዋ የጎረቤት የሆነ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ስለ እኔ ይህን ያህል ይበቃል።

እሳቸው አጭር፣ ጠይም፣ በዚያ ሙቀት ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው ነበሩ። እጃቸውን በቀን ስንት ጊዜ እንደሚታጠቡ እግዜር ይወቀው። ውሃ የሚቀዱልን ሴቶች "ሰውየው ሊሟሙ ነው" እያሉ ይስቁባቸው ነበር። ሰው ሁሉ ሐኪም ሲላቸው "ድሬሰር ነኝ" ይላሉ፤ ዶክተር ያላቸው እንደሆነ ደግሞ ይቆጣሉ። ቁጣቸው ግን ዕድሜ የለውም። ተቆጥተው ሲጨርሱ ራሳቸው ያፍሩና የተቆጡትን ሰው ሻይ ይጋብዛሉ። ስለ እጅ ጽሑፌ አስቀያሚነት እየተቆጡ የጋበዙኝ ሻይ ለብቻው በርሜል ይሞላል።

መጀመሪያ ላይ ሰላምታቸው ያበሳጨኝ ነበር። ወረፋው ከራኩባው ወጥቶ እስከ ውሃው ታንከር ተዘርግቶ ሳለ እሳቸው ለእያንዳንዱ በሽተኛ ተነሥተው፣ በሁለት እጃቸው ጨብጠው "እንዴት አደርህ፣ ልጆቹስ እንዴት አደሩ" ይላሉ። የያዙትንም እጅ ቶሎ አይለቁም። ገልበጥ ያደርጉታል፣ ጣቶቹን ይዘረጓቸዋል፣ መልሰው ያጥፏቸዋል። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና "ጋሼ፣ ሰላምታውን ብናሳጥረው ሃያ ሰው እንጨምር ነበር" አልኋቸው።

"እኔ እኮ ሰላም እያልሁ ብቻ አይደለም፤ እየመረመርሁ ነው" አሉኝ።

ትኩሳቱን፣ የቆዳውን ድርቀት፣ የደም ሥሩን ምት፣ ጉልበቱን፣ ጣቶቹ እኩል መከፈታቸውን በዚያች ሰላምታ ውስጥ ጨርሰው ያውቁታል ለካ። በሽተኛው እንደተመረመረ አያውቅም፤ የተከበረ ነው የሚመስለው። መከበሩም እውነት ነበር።

ይህን የተማሩት በወጣትነታቸው የሥጋ ደዌ ሕሙማን በሚታከሙበት ሆስፒታል ሲሠሩ ነው። ሥጋ ደዌ ነርቭ ይጎዳል፤ እዚያ የሠራ ሰው የትኛው ነርቭ የትኛውን ጣት እንደሚያንቀሳቅስ፣ የትኛው የቆዳ ክፍል በየትኛው ነርቭ እንደሚሰማ ሳይወድ በግዱ ያጠናል። በኋላ ጠረፍ ላይ ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ ብዙ ዓመት ሠርተው፣ ጦርነቱ ሲበረታ ድንበሩን ተሻገሩ። ሥራ ቀዝቀዝ ሲል እስክሪብቶ ያነሡና በገዛ ክንዳቸው ላይ ይሥሉልኛል። እጅ የሚያነሣው ነርቭ ከብብት ይነሣል ይሉኛል፤ ከክርን በላይ ያለውን አጥንት ከኋላ ተጠግቶ ይዞራል፣ በውጭ በኩል ይወጣና ወደ አውራ ጣት ጀርባ ይወርዳል። አጥንቱ ላይ ተለጥፎ ስለሚሄድ መሸሸጊያ የለውም። ከዚያ ሥዕሉን ሊያጠፉ ውሃ ይጠይቃሉ፣ ውሃ ቀጂዎቹም ይስቃሉ።

ሁልጊዜ የሚሉት ነገር ነበር። "ነርቭ ሞተ ለማለት አትቸኩዪ። ግማሹ ተጎድቶ ግማሹ የሚሠራ ነርቭ አለ። ያን ግማሹን ካልፈለግሽው ራሱ መጥቶ አለሁ አይልሽም።" እኔ ደግሞ ይህ ለአስተርጓሚ ምን ይረባታል እያልሁ አፌን ከፍቼ እሰማቸው ነበር እንጂ ልቤ እዚያ አልነበረም።

አሁን ወደ መርፌው ልምጣ። በዚያ መጠለያ ክኒን የሚያምን ሰው አልነበረም። ክኒን የተሰጠው የተናቀ ይመስለዋል፤ መርፌ የተወጋ ግን ታክሞ ሄደ ይባላል። የወባው መርፌ የሚሰጠው ከመቀመጫ ነው። ወንዶቹ ግድ የላቸውም፤ ሴቶቹ ግን እንዴት ብለው። ግድግዳው ጆንያ ነው፤ በቀዳዳው ወረፋው ሁሉ ያያል። ቤቷን ትታ፣ ከብቷን ጨርሳ፣ ልጇን ወይ ባሏን ቀብራ የመጣችን ሴት ቀሚስሽን ግለጪ ማለት የቀራትን አንድ ነገር መንጠቅ ነው። ጋሼ ባየልኝ ይህን ስለሚያውቁ ፊታቸውን ዞር አድርገው "ግድ የለም፣ ክንድሽን ስጪኝ፣ ይበቃል" ይሏቸዋል። ሴትየዋ ነጠላዋን ከትከሻዋ ገለጥ ታደርጋለች፣ እሳቸው ይወጋሉ፣ አለቀ። "እንዲህ ያለ ጨዋ ሰው" እያሉ ሲመርቋቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሥጋ ባለው ክንድ ቢሆን ምንም ላይሆን ይችል ነበር። በዚያ ዓመት ግን ሥጋ ያለው ክንድ አልነበረም።

ታንጉት ከሰሜን ደጋ ወርዳ የመጣች ሴት ናት። ባሏን መንገድ ላይ ቀብራ፣ ማስረሻ የምትባል የስምንት ወር ልጇን አዝላ ገባች። ዕድሜዋ ከእኔ አይበልጥም። ሕፃኗን ወዲያው የሕፃናት መመገቢያው ተቀበላት። እዚያ የልጆቹን ክንድ ከክርን በላይ በባለ ቀለም ጥብጣብ እንለካ ነበር፤ ቀዩ ላይ ያለ፣ ማለት ክንዱ እጅግ የቀጠነ ልጅ ከመመገቢያው አይወጣም። ማስረሻ ቀዩ ላይ ነበረች። ቀኑን ሙሉ የልጆች ክንድ ስንለካ የእናቶቹን ክንድ ልብ ያለ ሰው አልነበረም።

ታንጉት ወባ ይዟት እየተንቀጠቀጠች ክሊኒክ ስትመጣ ማስረሻን የያዝሁላት እኔ ነኝ። ጋሼ ባየልኝ እንደ ልማዳቸው ፊታቸውን ዞር አድርገው ቀኝ ክንዷን ተቀበሉና ወጉ። ታንጉት ነጠላዋን ነከሰች፤ ሌላ ምንም አላለችም። ሕፃኗን ስመልስላት በግራ እጇ ብቻ ነው የተቀበለችኝ። ይህን ያስታወስሁት በኋላ ነው።

ትኩሳቱ ለቀቃት። ከዚያ ወዲያ ግን ክሊኒኩ ደጃፍ ድርሽ አላለችም። ጋሼ ባየልኝ በመንገድ ሲያልፉ ካየቻቸው ዞራ በሌላ በኩል ትሄዳለች። ቀኝ እጇን ሁልጊዜ ከነጠላዋ ሥር ትደብቃለች። ሦስት ሳምንት እንዲህ ኖረች። ነገሩን ያወጡት ጎረቤቶቿ ናቸው፤ ጣሳ ከእጇ ሲወድቅ አዩ፣ ሌላ ቀን ደግሞ እጇ ከአንጓው ታጥፎ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠልጥሎ አዩ። ማንም አልሰደባትም። ብቻ አንድ ጠዋት ስትነሣ የውሃ ጀሪካኖቻቸውን ከእሷ ጀሪካን አርቀው አስቀምጠዋል። ቁምጥና የሚለውን ቃል ፊት ለፊቷ የተናገረው አልነበረም፤ ሁሉም ግን እሱን ነበር የሚያስበው።

ያኔ የነበረው ኸዋጃ፣ ማለት ፈረንጅ፣ ዶክተር ደግ ሰው ነው። ለሦስት ወር መጥቶ በሁለተኛው ወር ፊቱ የእኛን መስሎ ነበር። ለዚያ ሁሉ ሕዝብ አንድ እሱ ነው፤ ያን ሰሞን የተኛም አይመስለኝም። ታንጉትን ከመመገቢያው ሲያመጡለት ጋሼ ባየልኝ መድኃኒት ሊያመጡ ገዳሪፍ ሄደው ነበር። ጣቶችሽን ዘርጊ በያት አለኝ፤ አልተዘረጉላትም። ጨብጪኝ በያት አለኝ፤ ጭብጧ ሰለለ። ዓይኗን አስጨፍኖ በጥጥ ነካካት፤ ከአውራ ጣቷ ሥር በእጇ ጀርባ በኩል አልሰማችውም። ትከሻዋ ላይ ደግሞ ነጣ ያለ ምልክት አገኘ። የደነዘዘ ቆዳ፣ የሰለሉ ጣቶች፣ የነጣ ምልክት። ያየውን ደምሮ ሥጋ ደዌ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ጻፈ። ሐሙስ የሚሄድ ሎሪ አለ፣ ሩቅ ወደሆነው የሥጋ ደዌ ማከሚያ ትላክ አለ። ሕፃኗ ግን ያን መንገድ አትችለውም፤ እዚሁ መመገቢያው ትቆይ።

ይህን ሁሉ ለታንጉት የነገርኋት እኔ ነኝ። የበሽታውን ስም አልጠራሁትም፤ እሷም አልጠየቀችኝም። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው። "ማን ያጠባታል?" አለችኝ።

የዱቄት ወተት አለ አልኋት። ከእናታቸው ተለይተው በዱቄት ወተት የቀሩትን ስንቱን እንደቀበርን ግን አውቅ ነበር። ዶክተሩም ያውቃል፤ ቀና ብሎ አላየንም።

ጋሼ ባየልኝ ማክሰኞ ማታ ሲመለሱ ነገርኋቸው። ካርቶኑን ከትከሻቸው ሳያወርዱ ነው የሰሙኝ። "የታንጉት እጅ? እኔ እኮ ከዳነች ወዲህ እጇን ጨብጬ አላውቅም" አሉ። ለምን እንደምትሸሻቸው ሊገባቸው አልቻለም፤ እኔም እንጃ አልሁ። በማግሥቱ በጠዋት ዶክተሩን እስከ ማታ እንዲጠብቃቸው ለመኑት። ሰውየው አልተከራከረም፤ ብትድን እኔም ደስ ይለኛል፣ ሎሪው ግን ነገ ነው አለ።

ያን ረቡዕ ጋሼ ባየልኝ ያደረጉትን አንድ በአንድ አስታውሰዋለሁ። ታንጉትን ከትንሿ ጠረጴዛ ፊት አስቀመጧት። እሷ አንገቷን ደፍታ እጇን ስትሰጣቸው አንጓው ወደ ታች ታጠፈ፤ ጣቶቹም ተንጠለጠሉ። ጋሼ መጀመሪያ ያደረጉት እጇን ጠረጴዛው ላይ በመዳፏ አስተኝቶ ማሳረፍ ነበር። ከዚያ ጣቶችሽን ዘርጊ አሏት። ተዘረጉ። በሁለት ጣቶቿ መሐል ወረቀት አስገብተው አጥብቀሽ ያዢ አሏትና ሳቡ፤ ወረቀቱ ተቀደደ እንጂ አልወጣም። ቀጥለው የታጠፈውን አንጓዋን ከሥር ደግፈው ቀና አደረጉት። "በይ አሁን ጨብጪኝ" አሏት። ስትጨብጣቸው ጥርሳቸውን ነከሱ።

"አየሽ" አሉኝ ወደኔ ዞረው። "ጭብጧ አልሰለለም። አንጓዋ ሲወድቅ ነው ጣቶቿ ጉልበት የሚያጡት። ደግፈሽ ካላየሻት እጇ በሙሉ የሞተ ይመስልሻል።"

ዶክተሩ ሳይደግፍ ነበር ያየው። ሥጋ ደዌ ቢሆን ሌሎቹ ነርቮች መነካታቸው አይቀርም ብለው በክርኗ በኩል ያለውን ነርቭ ዳሰሱ፤ አላበጠም። ትከሻዋ ላይ ያለውን ነጣ ያለ ምልክት በጥጥ ነኩት፤ ዓይኗን ጨፍና ያሳከከኛል አለች። የርኃብ ነው አሉ፤ ቆዳም ይራባል። የደነዘዘው በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሐል፣ በእጇ ጀርባ ያለው ቦታ ብቻ ነው። የተጎዳው አንድ ነርቭ ነው ማለት ነው፤ እጅ የሚያነሣው።

አሁን የት ላይ እንደተጎዳ መፈለግ ቀረ። ክርንሽን ዘርጊ እያሉ ሲገፏት በኃይል መለሰቻቸው፤ እንግዲህ ከብብቷ አካባቢ ደህና ነች። ጉዳቱ ከዚያ በታች፣ ክንዷ መሐል ላይ ነው። ቀጥሎ ያ ይፈልጉት የነበረው ግማሽ መጣ። አውራ ጣቷ ወደ ላይ እንዲሆን አድርገው፣ ክርንሽን እጠፊ እያሉ ይዘው ሲከለክሏት፣ ከክርኗ ሥር ያለው ጡንቻ ከቆዳዋ በታች ትንሽ እብጥ አለ። ጣታቸውን አሳረፉበት። እኔንም አስነኩኝ። ከዚያ የብረት ትሪ አስመጥተው የጓንት ዱቄት ነሰነሱበት፣ እጇን በጎኑ አስተኝተው "ወደ ኋላ መልሺው" አሏት። ግንባሯ ላበ። እጇ በዱቄቱ ላይ የአንድ ጣት ስፋት ያህል ተንሸራተተ። ወደ ላይ መነሣት ያቃተው እጅ በተኛበት ግን ተንቀሳቀሰ። ጋሼ ባየልኝ ያን ጊዜ እንደ ልጅ ሳቁ። "አልተቆረጠም። ግማሹ አለ" አሉ።

ሳቃቸው ብዙ አልቆየም። ነርቩ የተጎዳበትን ቦታ ለይተው ለዶክተሩ ሊያሳዩ፣ በመሐል ጣታቸው ጫፍ ከክርኗ ጀምረው ወደ ላይ ቀስ እያሉ መታ መታ ያደርጉ ጀመር። አንድ ቦታ ላይ ሲደርሱ ታንጉት ብድግ አለች። እስከ አውራ ጣቴ ነዘረኝ አለች። ጣታቸውን ከዚያ ቦታ ሳያነሡ ቆዩ። የብዙ ሴቶችን ክንድ ይዘው መርፌ የሰኩት ሁልጊዜ እዚያችው ቦታ ላይ ነው።

"መርፌ ማን ወጋሽ?" አሏት ዝቅ ባለ ድምፅ፤ በቀን ከሚወጉት ብዛት የእሷን ለይተው አያስታውሱም።

"አላስታውስም" አለች ታንጉት።

ወደኔ ዞሩ። እኔም አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ በላይ መናገር አላስፈለገም።

ከራኩባው ወጥተው ፀሐይ ላይ ቆሙ። ተከትያቸው ሄጄ፣ መርፌ ነው ካሉት ይበቃል፣ የማን መርፌ እንደሆነ ማን ይጠይቃል አልኋቸው። ከልቤ ነበር። እሳቸው መርፌውን ቢነጠቁ፣ ሕዝቡም አመኔታ ቢያጣባቸው፣ ምን እንደምንሆን ፈርቼ ነው። ዶክተሩን ጥሪው ብቻ አሉኝ።

እንግሊዝኛ ከእኔ ባይበልጡም አያንሱም ነበር፤ የሕክምናውን ቃል እንዲያውም ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል። ያን ቀን ግን በአማርኛ እናገራለሁ፣ አንቺ ተርጉሚው አሉኝ። በባዕድ ቋንቋ ስናገረው ጥፋቴ እንዳያንስብኝ ነው አሉ። ዶክተሩ መጣ። ጋሼ ወረቀቱን፣ የአንጓውን ድጋፍ፣ ትሪውን፣ ዱቄቱን ሁሉ ደግመው አሳዩት፤ እሱም በየመሐሉ በገዛ እጁ እየሞከረ ፊቱ ይለዋወጣል። ከዚያ "ጉዳቱ የመርፌ ነው። መርፌውም የኔ ነው" አሉ።

መርፌ ነው የጎዳት ብዬ ተረጎምሁ።

"የኔ ያልሁትን ዘለልሽው" አሉኝ።

ዓይኔ እንባ ሞልቶ ደግሜ ተረጎምሁ። የእሳቸው መርፌ ነው አልሁት። ዶክተሩ ሁለታችንንም አየንና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። በኋላ ከኪሱ የሐሙሱን ዝርዝር አወጣ፣ የታንጉትን ስም ሰረዘ፣ ልጇን ይዛ ትቀመጥ አለ። ለጋሼም በማንም እጅ ሊደርስ የሚችል ነው፣ እኔም ሳልደግፍ አይቼ ልልካት ነበር አላቸው። ይህን ስተረጉምላቸው የሰሙኝ አይመስለኝም። እያዩ የነበሩት ታንጉትን ነው። የአባቷ እኩያ የሆኑት ሰው ጎንበስ ብለው ጉልበቷን ሊይዙ ሲሉ ደንግጣ ተነሣች።

"ኧረ ጋሼ፣ ይተዉ። እኔ እኮ አውቅ ነበር" አለች። "መርፌው ሲገባ እስከ አውራ ጣቴ እንደ እሳት ነው የሄደብኝ። ያን ጊዜ ነው እጄ የወደቀው።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽ፣ ልጄ? ምነው ሸሸሽኝ?"

"ይህ ሁሉ ሴት አንቱን ይመርቃል። እጄን አይተው እንዳያፍሩ ብዬ ነው።"

ይህን በምትልበት ሰዓት ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋለች። ልጇን ጥላ ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀራት እንኳ አልተናገረችም እኮ። እሳቸው እሷ እንዳታፍር ብለው ክንዷን ወጉ፤ እሷ እሳቸው እንዳያፍሩ ብላ የወደቀ እጇን ደበቀች። ከመካከላቸው አንዱ ትንሽ ባለጌ ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚህ ባልደረሰ ነበር። እስከ ዛሬ ይህን ሳስበው በሁለቱም እናደዳለሁ፤ ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼ ባየልኝ መርፌ አልያዙም። ያዘዛቸው የለም፤ ራሳቸው ናቸው የታንጉት እጅ እስኪነሣ አልይዝም ያሉት። መርፌውን አብራን ትሠራ ለነበረች ሱዳናዊት ነርስ ሰጡ። ከብርድ ልብስ መጋረጃ ሰፉ፤ ከመጋረጃው ጀርባ አንገረብ የሚሉትን የጠፍር አልጋ አስቀምጠው፣ ሴቶቹ ከጭናቸው በውጭ በኩል እንዲወጉ አደረጉ። እምቢ የምትል ስትኖር ወረፋው መሐል ቆመው፣ ሰው እየሰማ፣ "በክንዷ ወግቻት እጇ የወደቀ ሴት አለች፤ የወጋኋትም እኔ ነኝ" ይላሉ። ከዚያ ወዲህ የሚመርቃቸው ሰው ቀነሰ። ሰላምታ የነሷቸውም ነበሩ፤ እሳቸው ግን የሚዘረጋላቸውን እጅ ሁሉ እንደበፊቱ በሁለት እጃቸው መቀበላቸውን አልተዉም።

ለታንጉት ከዘይት ቆርቆሮ መደገፊያ ሠሩላት። ቆርቆሮውን ቀጥቅጠው፣ ጠርዙን አልዝበው፣ ጨርቅ ጠቀለሉበትና አንጓዋን ቀና አድርገው አሰሩት። በድጋፉ ማንኪያ መያዝ ቻለች፤ ልጇንም በሁለት እጇ ታቀፈች። የመጀመሪያ ቀን ስታቅፋት ጎረቤቶቿ እያዩ ነበር። ጋሼ ሆን ብለው ከእነሱ ጋር ተቀምጠው ከታንጉት ጣሳ ውሃ ጠጡ። በማግሥቱ ጀሪካኖቹ ተመልሰው ተጠጉ፤ ማንም ግን ይቅርታ የጠየቃት የለም።

በየሳምንቱ ቅዳሜ ድጋፉን ፈትተው ያዩአታል። ክንዷን መታ መታ ሲያደርጉ የሚነዝራት ቦታ እየወረደ መጣ፤ መጀመሪያ ከክርኗ በላይ፣ በኋላ ከክርኗ በታች። የደረሰበትን በወይን ጠጁ የቁስል መድኃኒት ያመለክቱታል። ከክርኗ ሥር ያለው ጡንቻ በረታ። አንጓዋ መጀመሪያ በትሪው ላይ ሙሉ ዞረ፣ ቀጥሎ በአየር ላይ ትንሽ ተነሣና ወደቀ። እሳቸው በየጊዜው ያዩትን ለእኔ ያስጽፉኛል፣ ጽሑፌን አይተው ይቆጣሉ፣ ሻይ ይጋብዛሉ። ማስረሻም በበኩሏ ከቀዩ ወደ ቢጫው አለፈች። ደስታ የሚባል ነገር በዚያ ዓመት አይቻለሁ ካልሁ እነዚያን ቅዳሜዎች ነው የምቆጥረው።

ዝናቡ ሲቃረብ ወደ አገሩ ገብቶ የሚያርስ ሰው ጓዙን መሸከፍ ጀመረ። ታንጉትም ልትሄድ አስባ ነበር። ጋሼ ባየልኝ ግን ሁለት ቅዳሜ ገዳሪፍ ስለነበሩ እጇን አላዩላትም። በተመለሱ ማግሥት ታንጉት ወባው አገርሽቶባት እየተንቀጠቀጠች መጣች። ማስረሻን እንደገና እኔ ተቀበልኋት። ነርሷ መርፌውን አዘጋጅታ ከመጋረጃው ጀርባ ጠራቻት። ታንጉት አልገባችም። ጥግ ላይ ቁስል ያጥቡ ወደነበሩት ወደ ጋሼ ባየልኝ ዞረች።

"አንቱ ይውጉኝ" አለች።

"እኔ መርፌ ትቻለሁ፣ ልጄ። እሷ ከኔ ትሻላለች።"

"አንቱ ካልሆኑ አልወጋም።"

ወረፋው እየሰማ ነው። ጋሼ እጃቸው ላይ ያለውን ጨርቅ አስቀመጡ። እኔ እንኳ የምተረጉመው ነገር አልነበረኝም፤ ሁሉም በአማርኛ ነው።

"አንቱ ጥፋትዎን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ሲናገሩ አላፈሩም" አለች ታንጉት። "እንግዲህ እኔም አላፍርም።"

መጋረጃውን አልፋ አንገረቡ ላይ ተኛች። እንዲዘጋላት እንኳ አልጠበቀችም። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ሳለ ቀሚሷን ከጉልበቷ በላይ ወደ ጭኗ ሰበሰበች፤ የሰበሰበችውም በቀኝ እጇ ነበር። ድጋፍ አልነበረውም። አንጓዋ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ አውራ ጣቷ እንኳ ተነሥቷል። ጋሼ ባየልኝ ጭኗን አላዩም፣ ያን የተነሣ እጅ ነበር የሚያዩት። እኔም ማስረሻን እንደታቀፍሁ እሱን ሳይ ቆየሁ። ነርሷ መርፌውን ይዛ በመካከላችን ቆማለች። ጋሼ ባየልኝ እጃቸውን ታጥበው ወደ ነርሷ ሄዱና መርፌውን ተቀበሏት።